የቆየ በካውያ የሚታተም የጥልፍ ንድፍ፦ ወረቀቱን ሳላበላሽ ፎጣ ላይ እንዴት ላሳርፈው?

የሰኞ ፎጣ (ጠያቂ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው በአሜሪካ፣ በሚዙሪ ግዛት ነው። ከቤቴ ቀጥሎ የሚኖሩት የ88 ዓመት አሜሪካዊት አዛውንት ባለፈው ወር ከእናታቸው የወረሱትን አንድ ያረጀ ፖስታ ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጡኝ። ጣቶቻቸው በመገጣጠሚያ ሕመም ምክንያት መርፌ መያዝ ከተሳናቸው ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ደግሞ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስጠልፍ ስለሚያዩኝ ከሌላ ሰው ይልቅ ለእኔ መስጠት እንደመረጡ ነገሩኝ።

በፖስታው ውስጥ በስስ ወረቀት ላይ የታተሙ ሰባት ሥዕሎች አሉ። ሰባቱም ስለ አንዲት የድመት ግልገል ናቸው፤ ግልገሏ ሰኞ ልብስ ታጥባለች፣ ማክሰኞ ትተኩሳለች፣ ረቡዕ የተቀደደ ትሰፋለች፣ ሐሙስ ገበያ ትወጣለች፣ ዓርብ ቤት ትጠርጋለች፣ ቅዳሜ ዳቦ ትጋግራለች፣ እሑድ ደግሞ ባርኔጣዋን አድርጋ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር የቀኑ ስም በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ነገር ግን ጽሑፉ በመስታወት ውስጥ እንደሚታይ ሁሉ የተገለበጠ ነው። አዛውንቷ እንዳጫወቱኝ፣ እናታቸው እነዚህን ሥዕሎች በካውያ ሙቀት ወደ ነጭ የወጥ ቤት ፎጣ እያሻገሩ በቀለም ክር ይጠልፏቸው ነበር፤ በዚያ ቤት ዕለቱ ምን እንደሆነ የሚታወቀውም ምድጃው አጠገብ ከተሰቀለው ፎጣ ነበር።

ሐሳቤ ሰባቱን ፎጣዎች ጠልፌ በልደታቸው ቀን ለእርሳቸው ልሰጣቸው ነው፤ ለልደታቸውም ሁለት ወር ከግማሽ ቀርቶታል። ችግር የገጠመኝ ግን ገና ከመነሻው ነው። በአንደኛው ወረቀት ጥግ ለሙከራ የታተመች ትንሽ አበባ ስለነበረች እርሷን ቆርጬ በቁራጭ ጨርቅ ላይ በጋለ ካውያ ተኮስኋት፤ ጨርቁ ላይ የቀረው ግን ዓይን የማይይዘው ደብዛዛ ሰማያዊ ጥላ ብቻ ሲሆን፣ የወረቀቷ ጠርዝም ጠቆረ። ከዚያ በኋላ የቀሩትን ለመንካት ፈርቻለሁ።

ለጥልፍ አዲስ አይደለሁም። ትምህርት ቤት ሳለሁ ኢታሚን ላይ ክር እየቆጠርን እንጠልፍ ነበር፤ የትራስ ልብስም የጠረጴዛ ልብስም ሠርቻለሁ። በካውያ የሚታተም ንድፍ ግን በእጄ ሲገባ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ የምጠይቃችሁ፣ ሥዕሉን ወረቀቱን ሳልጎዳ ወደ ጨርቅ የማሻግርበት መንገድ ምን እንደሆነ፣ ለወጥ ቤት ፎጣ የሚስማማው ጨርቅና ክር የትኛው እንደሆነ፣ እንዲሁም በየዕለቱ እየታጠበ ሳይበላሽ የሚቆይ ጥልፍ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ፎጣዎቹ በመሳቢያ ተጣጥፈው እንዲቀመጡ አልፈልግም፤ አዛውንቷ ዕቃ እንዲያደርቁባቸው እፈልጋለሁ።

ክርና መርፌ

እኅቴ፣ ካውያውን ለጊዜው አስቀምጪው። ያደረግሽው ሙከራ ትክክል ነበር፤ ትንሿ አበባም የታተመችው ለዚሁ ነውና መልሱን ሰጥታሻለች።

በእንዲህ ዓይነት ወረቀት ላይ ያለው መስመር ተራ የማተሚያ ቀለም አይደለም፤ ከሰም ወይም ከሙጫ ጋር የተዋሐደ ቀለም ስለሆነ በጣት ሲዳሰስ ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሰማል። ሙቀት ሲያገኘው ይቀልጣል፣ ጨርቁም ይጠጣዋል። አዲስ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ማተም ይችላል፤ ነገር ግን በተተኮሰ ቁጥር ከላዩ ቀለም እየቀነሰ ስለሚሄድ ሁለተኛው ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛውም ከሁለተኛው ይደበዝዛል። የአዛውንቷ እናት ፎጣ ጠልፈውበት ከሆነ በወረቀቱ ላይ የቀረው ትርፍራፊ ነው፤ በዚያ ላይ በመሳቢያ ውስጥ በቆየባቸው ዓመታት ደርቋል። ካውያውን የበለጠ ብታግዪው ወረቀቱ ይቃጠላል እንጂ የሌለ ቀለም አይመጣም።

ይህ ዘዴ ከመምጣቱ በፊት ንድፍ ወደ ጨርቅ ማሻገር የፈለገ ሰው ወረቀቱን መስመር ለመስመር በመርፌ እየበሳ፣ ጨርቁ ላይ ዘርግቶ፣ ደቃቅ ዱቄት በቀዳዳዎቹ ያሳልፍ ነበር። በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር የነበረው የብሪግስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በካውያ የሚሻገረውን ንድፍ ለገበያ ካቀረበ በኋላ ሥዕል መሣል የማይችል ሰው ሁሉ በቤቱ ሆኖ መጥለፍ ቻለ። አንቺ በምትኖሪበት ግዛትም፣ በካንሳስ ሲቲ፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ «አንት ማርታስ» በሚል ስም እንዲህ ዓይነት ንድፎች ሲታተሙ ኖረዋል፤ የሳምንቱን ቀናት የሚያሳዩት የወጥ ቤት ፎጣ ንድፎች ከታወቁት መካከል ናቸው። የማተሚያ ቤቱ ስምና የንድፉ ቁጥር የሚገኘው በፖስታው ላይ ስለሆነ ፖስታው ቢቀደድም እንኳ እንዳትጥዪው አደራ እልሻለሁ። ቁጥሩ ከታወቀ ተመሳሳዩን ሌላ ቅጂ ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ ማግኘት አንዳንድ ጊዜ ይቻላል።

አሁን እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። በመጀመሪያ ሰባቱንም ወረቀቶች አንድ በአንድ ስካን አድርጊ፤ ስካነር ከሌለሽ ከላይ በቀጥታ ፎቶ አንሺያቸው፤ ከጎናቸው ማስመሪያ ብታኖሪ በኋላ መጠኑን ለማስተካከል ይረዳሻል። የተጨማደደውን ወረቀት ለማቃናት በሁለት ንጹሕ ወረቀቶች መካከል አድርገሽ ከባድ መጽሐፍ ጫኚበት፤ በፍጹም አትተኩሺው። ከዚያ ምስሉን በኮምፒውተር ወይም በስልክሽ ገልብጪው። ጽሑፉ የተገለበጠው ወረቀቱ በፊቱ ተደፍቶ ስለሚተኮስ ነው፤ አንቺ ግን ከአሁን በኋላ በካውያ ስለማታትሚ የሚያስፈልግሽ የተቃናው ነው። የተቃናውን በተራ ወረቀት አትሚና መስመሩን በጥቁር እስክሪብቶ አድምቂው። የሥራ ወረቀትሽ ይህ ይሁን፤ ዋናው ወደ ፖስታው ይመለስ።

የሥራ ወረቀቱን ቀን ላይ በመስኮት መስታወት ላይ በፕላስተር ለጥፊ፣ ፎጣውን በላዩ ወጥረሽ በአራቱም ጥግ አጣብቂና ብርሃኑ የሚያሳይሽን መስመር በሹል እርሳስ ቀስ ብለሽ ተከተዪ። መስመሩን አንድ ጊዜ ብቻ አስምሪ፤ የተደጋገመ እርሳስ ነጭና ቢጫ ክርን ያቆሽሻል። ክንድ ስለሚደክም ሰባቱን በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሪ። ከብርጭቆ የተሠራ ጠረጴዛ ካለሽ ከሥሩ መብራት አስቀምጠሽ ተቀምጠሽ መሥራት ትችያለሽ። ጨርቁ ወፍሮ ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ደግሞ ለልብስ ስፌት የሚሸጠውን ካርቦን ተጠቀሚ፤ የቢሮው ካርቦን ቅባት ስላለው ከጨርቅ አይለቅም።

የሽሮ ሜዳው ጠላፊ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን እኅታችን። እኔ በአዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ፣ የሐበሻ ቀሚስ በመጥለፍ የምተዳደር ሰው ነኝ። በካውያ የሚታተመውን ንድፍ አልሠራሁበትም፤ ስለ ጨርቁ፣ ስለ ክሩና ስለ ስፌቱ ግን የማውቀውን ላካፍልዎ።

ጨርቁ ጉርጉር የሌለው፣ ልሙጥና ሙሉ በሙሉ ጥጥ የሆነ ይሁን። የገላ መታጠቢያ ፎጣ ዓይነቱ ለጥልፍ አይሆንም፤ መርፌው በጉርጉሩ ውስጥ ይጠፋል፣ የድመቷም ዓይን ከጥቂት እጥበት በኋላ አይለይም። እንደ እኔ አስተያየት ጥሩ አቡጀዲ ከብዙ ውድ ጨርቅ ይሻላል፤ ውኃ ይጠጣል፣ በታጠበ ቁጥርም ይለሰልሳል። የሚገዙትን ሁሉ ንድፉን ከማሳረፍዎ በፊት በሙቅ ውኃ ይጠቡት። አዲስ ጨርቅ የፋብሪካ አሚዶ ስላለበት ውኃ አይጠጣም፤ ከዚህ የሚብሰው ግን ጥጥ ከመጀመሪያ እጥበት በኋላ መሰብሰቡ ነው። ሳይታጠብ የተጠለፈ ጨርቅ በኋላ ሲሰበሰብ ክሩ አብሮት ስለማይሰበሰብ ጥልፉ ዙሪያውን ይሸበሸባል፤ ይህ ደግሞ በካውያ አይስተካከልም። እኔ ይህን የተማርሁት የአንዲት ሙሽራ ነጠላ ካበላሸሁ በኋላ ነው፤ ዋጋውን መልሼ ከፍያለሁ፤ እስከ ዛሬም ሳስበው ያሳዝነኛል።

ክርን በተመለከተ፣ በየአገሩ የሚገኘው የጥጥ የጥልፍ ክር በስድስት ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ነው። ከታወቁት አምራቾች አንዱ የሆነው የፈረንሳዩ ዲ.ኤም.ሲ. እ.ኤ.አ. በ1746 በሙሉዝ ከተማ የተመሠረተ ሲሆን፣ የአንዱ ጥቅል ክር ርዝመት 8 ሜትር ነው። ስድስቱን በአንድነት ለፎጣ አይጠቀሙ። ለድመቷ አካል ሁለቱን፣ ጎልቶ እንዲታይ ለሚፈልጉት መስመርና ለጽሑፉ ሦስቱን ይምዘዙ። 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው አንድ በአንድ ይምዘዙና መልሰው ያዋሕዷቸው፤ በአንድ ጊዜ ሲሳቡ ይተበተባሉ። ከዚህ የሚረዝም ክር በጨርቁ ውስጥ ሲመላለስ ጠጉር ያወጣል፣ አንጸባራቂነቱንም ያጣል።

ጥቁር ሰማያዊና ቀይ ክር ከመጠቀምዎ በፊት ጥቂቱን በሙቅ ውኃ አርጥበው በነጭ ጨርቅ ይጫኑት። ቀለም ከለቀቀ ለፎጣ አይሆንም።

ስፌቱን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ ፎጣ የሥራ ልብስ ስለሆነ ረጅም ስፌት አይወድም። ለመስመሩ መርፌው ወደ ፊት ወጥቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የሚመለስበትን ስፌት ይጠቀሙ፤ እያንዳንዱ እርምጃ ከ3 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፣ ጠመዝማዛ በሆነ ቦታ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይሁን። ለጅራቷና ለመጥረጊያው እጀታ የሰንሰለት ስፌት ያምራል። የአካሏን ውስጥ ሙሉ በሙሉ በክር መሙላት ግን አልመክርም፤ የጥበብ ቀሚስ ጥልፍ ሞልቶና ደምቆ ሲታይ ያምራል፤ ዕቃ የሚደርቅበት ጨርቅ ግን ጥልፍ በሞላበት ቦታ ውኃ አይጠጣም፣ ረጅሙም ክር በሹካ ጥርስ ይያዛል።

ፎጣ ፊቱም ጀርባውም ስለሚታይ ለጀርባው ይጠንቀቁለት። ከአንድ ጆሮ ወደ ሌላው ክር እየሳቡ አይሻገሩ፤ ጥቁር ክር በነጭ ጨርቅ ሥር እንደ ጥላ ይታያል። የክሩን ጫፍ በቋጠሮ ብቻ አይተዉት፤ በተሠራው ስፌት ጀርባ አራት ወይም አምስት ጊዜ ጠልፈው ይቁረጡት። በማጠቢያ ማሽን ውስጥ ቋጠሮ ይፈታል፤ እንዲህ የታሰረ ክር ግን ጨርቁ እስኪያልቅ ይቆያል።

የክረምት አገር

ክርና መርፌ በእርሳስ እንዲያስምሩ የመከሩትን እደግፋለሁ፤ በእርሳስ ፋንታ ሌላ ብዕር ለሚያስቡ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በካውያ ሙቀት የሚጠፋ ቀለም ያለው እስክሪብቶ በየሱቁ ይሸጣል፤ ብዙ ጠላፊዎችም መስመሩ ወዲያው ስለሚጠፋላቸው ይወዱታል። እኔ በሚኒሶታ እኖራለሁ። ባለፈው ጥር ለእናቴ የጠለፍሁትን የመሶብ ልብስ ተኩሼ፣ መስመሩ መጥፋቱን አይቼ፣ በመኪናዬ ውስጥ ትቼው አደርሁ። በማግስቱ ሳወጣው የጠፋው መስመር ሁሉ ተመልሶ ነበር፤ ያ ቀለም በሙቀት ቢጠፋም በብርቱ ብርድ ተመልሶ ይታያልና።

በውኃ የሚለቀው ሰማያዊ የጨርቅ ብዕር ከዚያ ይሻላል፤ ነገር ግን ከማጠብዎ በፊት ካውያ ከነካው በዚያው ጨርቁ ላይ ይቀራል። ጥልፉ ሲያልቅ በመጀመሪያ ያለ ሳሙና በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይንከሩት፣ ሰማያዊው ፈጽሞ ሲጠፋ በሳሙና ይጠቡት፣ ካውያ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የአያት ሣጥን

ወረቀቱን ስለማዳን የተባለውን ሁሉ አከብራለሁ፤ በአንድ ነገር ግን ከክርና መርፌ ጋር አልስማማም። እነዚህ ወረቀቶች የታተሙት ለመተኮስ ነው። ሰባቱ ሁሉ ስካን ከተደረጉ በኋላ አንዷን፣ ለምሳሌ የሰኞዋን፣ አሮጌው ቀለም ራሱ በጨርቁ ላይ እንዲያርፍ መሞከር ለአዛውንቷ የሚሰጠው ደስታ ከወረቀቱ ጉዳት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። የእናታቸው እጅ የነካው መስመር ነውና።

ልትሞክሪው ከፈለግሽ ለስላሳ የካውያ ጠረጴዛ አትጠቀሚ፤ ሙቀቱ ወደ ታች ይሰምጣል። ጠንካራ ጣውላ ላይ አልሙኒየም ፎይል ዘርጊ፣ በላዩ ስስ የጥጥ ጨርቅ፣ ከዚያ ፎጣውን። ፎይሉ ሙቀቱን ወደ ላይ ይመልሰዋል። በካውያው ውስጥ ውኃ እንዳይኖር፤ እንፋሎት ወረቀቱን ያረጥበዋል፣ መስመሩንም ያደፈርሰዋል። ፎጣውን አስቀድመሽ ተኩሰሽ ገና ትኩስ ሳለ ወረቀቱን በፊቱ ድፊው፣ በስፒል አጣብቂው፣ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጊበትና ካውያውን ሳትገፊ እያነሳሽ አስቀምጪ፤ በአንድ ቦታ ከ10 ሰከንድ አይብለጥ። ካውያ ከተገፋ መስመሩ ሁለት ይሆናል። አንዱን ጥግ ብቻ ገልጠሽ እዪ፤ ካልያዘ መልሰሽ ድገሚ። ደብዛዛ ሆኖ ቢወጣም ስካን ያደረግሽውን እያየሽ በእርሳስ ትሞዪዋለሽ። አንድ ነገር ግን አስቢበት፦ የካውያው ቀለም በእጥበት ይለቃል ብለሽ አትተማመኚ፤ ስለዚህ የታተመውን መስመር ሁሉ በክር መሸፈን ይኖርብሻል።

ስለ ጨርቁ ደግሞ፣ አዛውንቷ በልጅነታቸው ያዩት ፎጣ ከዱቄት ከረጢት የተሠራ ሊሆን ይችላል። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ዱቄት፣ ስኳርና የከብት መኖ በጥጥ ከረጢት ይሸጥ ነበር፤ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በነበረው የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ እናቶች የከረጢቱን ስፌት ፈትተው፣ የፋብሪካውን ስም በሳሙና እየዘፈዘፉ አስለቅቀው፣ ፎጣና የልጅ ልብስ ያደርጉት ነበር። የ100 ፓውንድ ከረጢት፣ ማለትም 45 ኪሎ ገደማ የሚይዘው፣ ሲፈታ በጎንም በቁመትም 1 ሜትር ገደማ ጨርቅ ይወጣዋል። እኛም አገር የስንዴ ከረጢት ሳይጣል ወደ ሌላ አገልግሎት ሲዛወር ስላየን ይህን ለመረዳት አንቸገርም፤ አሁን ማዳበሪያው ፕላስቲክ ሆነ እንጂ። ዛሬም «የዱቄት ከረጢት ፎጣ» በሚል ስም ልሙጥ ነጭ የጥጥ ፎጣ በአሜሪካ መደብሮች ይሸጣል። ሽመናው ልል የሆነው ሲወጠር መስመሩን ስለሚያጣምም ጠበቅ ያለውን ምረጪ፤ በክቡ የጥልፍ መወጠሪያ ውስጥም አሳድረሽ አትተዪው።

ለእጥበት፣ በረኪና አታስነኪው። ጥልፉን በደረቅ ወፍራም ፎጣ ላይ በፊቱ ደፍተሽ ከጀርባው ተኩሺው፤ እንዲህ ሲሆን ስፌቱ አይደፈጠጥም። በአንቺ ቤት የሚውል ከሆነ የእርድ ቢጫ አያስጨንቅሽ፤ ታጥቦ እርጥብ ሳለ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ ብርሃን ያደበዝዘዋል። የበርበሬ ቅባት ግን ሳይደርቅ በሳሙና መታሸት አለበት።

የሰኞ ፎጣ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በእናንተ ምክር ሰባቱንም ስካን አድርጌአለሁ፤ አምስት የዱቄት ከረጢት ፎጣና ሁለት ሜትር አቡጀዲ በሙቅ ውኃ አጥቤ አስጥቻለሁ። የአያት ሣጥን ያለችውን ለአዛውንቷ ነግሬአቸው፣ የሰኞዋ ወረቀት እንድትተኮስ ራሳቸው ፈቀዱ፤ ካውያውን እኔ ስይዝ አጠገቤ ቆመው ነበር። የድመቷ ጆሮዎችና የማጠቢያው ገንዳ ጥሩ አድርገው ወጡ፣ የእግሮቿ መስመር ግን ሊታይ አልቻለም። እርሱን በእርሳስ ሞልቼዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ተጨምሮብኛል። የ9 ዓመት ልጄ ሥዕሎቹን ስታይ ለእኛ ወጥ ቤት ሁለተኛ ስብስብ እንድሠራ ለመነችኝ፤ የቀናቱም ስም በአማርኛ እንዲሆን ትፈልጋለች። ልጄ አማርኛ ትናገራለች፣ ፊደል ግን ገና እየለየች ነው፤ ስለዚህ ፎጣዎቹን እያየች እንድታነብባቸው ጽሑፉ ትክክልና ግልጽ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ለዚህኛው በሙቀት የሚሻገር ልዩ እርሳስ ገዝቻለሁ፤ በወረቀት ተስሎ በካውያ የሚታተም ነው። «ሰኞ» ብዬ ጽፌ ሞክሬ ነበር፣ «ሰ» በደንብ ወጣች፣ «ኞ» ግን ተበላሸችብኝ። ፊደላችንን በጥልፍ የጻፋችሁ ካላችሁ ብታግዙኝ ደስ ይለኛል።

ፊደል ቆጣሪ

እኅቴ፣ የገጠመሽ ነገር ምክንያቱ ይህ ነው። «ሰ» ግራና ቀኟ ተመሳሳይ ስለሆነ ብትገለበጥም ያው «ሰ» ናት፤ «ሐ»ም እንዲሁ ናት። ስለዚህ መጀመሪያ የጻፍሻት ፊደል ተቃንታ ስትወጣ ሁሉ ነገር የተቃና ይመስላል። «ኞ» ግን አንድ ጎኗ ከሌላው ስለሚለይ ትገለበጣለች፣ «ሙ»ና «ቡ»ም በቀኝ በኩል ያለችው ጭረታቸው ወደ ግራ ስትዞር ፊደል መሆናቸው ይቀራል። በሙቀት በሚሻገር እርሳስ ስትጽፊ ቃሉን አስቀድመሽ በተራ ወረቀት አቃንተሽ ጻፊ፣ ወረቀቱን ገልብጠሽ በመስኮት ላይ ለጥፊው፣ ከጀርባው የሚታየውን መስመር በልዩ እርሳሱ ተከተዪ፣ ከዚያ ያንን ፊት ጨርቁ ላይ ደፍተሽ ተኩሺው። የቃሉ የፊደላት ቅደም ተከተልም አብሮ ስለሚገለበጥ በዓይን ገምቶ ገልብጦ ለመጻፍ መሞከር ለስሕተት ያጋልጣል።

መጠኑ የእንግሊዝኛውን ያህል ሊሆን አይችልም። የንድፉ ጽሑፍ ቁመት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ፣ የአማርኛው ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የእኛ ፊደል ድምፁ የሚለየው በትንንሽ ምልክት ነው፤ በ«ኞ» ራስ ላይ ያለችው ሰረዝ፣ በ«ቡ» ጎን ያለችው ጭረት፣ በ«ዓ» ሥር ያለችው እግር፣ እነዚህ ሁሉ ከአንድ ወይም ከሁለት ስፌት አይበልጡም። ቦታ ካጠበብሽባቸው ሁለት መስመሮች በክሩ ውፍረት ይገጣጠሙና ልጅሽ «ረቡዕ»ን ሌላ ነገር አድርጋ ታነባለች። የፊደሉን አካል በሦስት ክር፣ ትንንሾቹን ምልክቶች በሁለት ክር ሥሪ። በብራና ላይ እንደሚጻፈው ወፍራምና ቀጭን መስመር ለማውጣት አትድከሚ፤ ለፎጣ ወጥ የሆነ መስመር ይበቃል።

የፊደል አጻጻፉን በተመለከተ ልጅ የምትማርበት ስለሆነ እኔ ሐሙስን በ«ሐ»፣ ዓርብን በ«ዓ»፣ እሑድን በ«ሑ»፣ ረቡዕን በ«ዕ» እጽፋቸዋለሁ። ሌላ ዓይነት አጻጻፍ የሚከተሉ አሉ፤ በሰባቱ ፎጣ ላይ ግን አንዱን መርጠሽ ሳትለዋውጪ መጻፍ አለብሽ።

አንድ ሐሳብም ልጨምር። ሁለተኛው ስብስብ የቤታችሁ ስለሆነ የድመቷ ሥራ የእናንተን ሳምንት ቢመስል አይከፋም። የምትጾሙ ከሆነ ረቡዕና ዓርብ ሽሮ ስታማስል፣ እሑድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ረከቦት ፊት ተቀምጣ ቡና ስትቀዳ መሣል ይቻላል። ጀበናዋ ከሁሉ ቀላል ናት፤ አንድ ክብ፣ አንድ አንገትና አንድ እጀታ ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። የመጀመሪያውን ስብስብ ግን ለአዛውንቷ እንደ ነበረው ጠብቂላቸው።

የሰኞ ፎጣ (ጠያቂ)

የተባለው ሁሉ ገብቶኛል። ትናንት ማታ «ሰኞ»ን በ2 ሴንቲ ተኩል ጽፌ፣ በመስኮት ገልብጬ አሻገርሁት፤ ልጄ ያለ እርዳታ አነበበችው። ረቡዕና ዓርብን የምትጾምላት ድመት ለመሣል እርሷ ኃላፊነቱን ወስዳለች፤ ሽሮ ድስቱን ከድመቷ አስበልጣ ስላሠፋችው በመጠን እያስማማን ነው።

የአዛውንቷ የሰኞ ፎጣ ዛሬ አልቋል። አልተኮስሁትም ገና፤ የተሞላው እርሳስ በሳሙና ታጥቦ እስኪለቅ እየጠበቅሁ ነው። ነገ የማክሰኞዋን በመስኮቱ ላይ እለጥፋለሁ።